ባለ አራት ፎቅ ኮሌጅ፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ 31 መልስ

ስለ ኔትወርክ ዝርጋታ የሚያወራውን ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው በአንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ኮሌጁ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተከራይቷል። ግንባታው አልቋል፤ ቀለም ግን ገና አልተቀባም። ሦስት የኮምፒውተር ላብ ይኖራል፤ እያንዳንዱ 40 ኮምፒውተር ይይዛል። ሬጅስትራርና ሒሳብ ክፍል ከታች፣ ቤተ መጻሕፍት ከላይ ነው። ከጓሮ ለብቻው የቆመ ትንሽ ሕንፃ አለ፤ አስተዳደሩ እዚያ ይገባል። አለቃዋ ያዘዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሦስት ሱቅ የኔትወርክ ዕቃ ፕሮፎርማ ሰብስባ እንድታመጣ። እሷ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ የምን ፕሮፎርማ ነው ባይ ናት። ትምህርት ቤት የተማረችው ከተጠቃሚው ሥራ ተነስቶ ወደ ዕቃው መውረድን ነው። መሥሪያ ቤት ገብታ ያየችው ግን ዕቃው ቀድሞ ተገዝቶ፣ ሥራው በኋላ ለዕቃው ሲመቻች ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ንድፉን ከየት ልጀምር?

31 መልስ መጣላት። በቅደም ተከተል እተርካለሁ፤ የማይረባውን በቁጥሩ ብቻ አልፈዋለሁ።

1ኛው መልስ ወዲያው ነው የደረሰው። ባለ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሣጥን፣ ስድስት፣ ራውተር አንድ፣ ኬብል በካርቶን፣ ከዚያ ነገ ጠዋት ሥራ መጀመር ይቻላል አለ። ስለ ሕንፃው አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ስልክ ቁጥሩን ግን አስቀምጧል፤ አወያዩ አጠፋው። እንዲህ ያለ ሰው የማይገባበት ክር አላየሁም።

2ኛው መላሽ ቁጥር ይወዳል። ስድስቱ ከየት መጣ ብሎ ነው የጀመረው። በአንድ ላብ 40 ኮምፒውተር፣ የአስተማሪው አንድ፣ ፕሪንተር፣ ፕሮጀክተር ሲደመር 43 ይሆናል። ባለ 24 ፖርት አይበቃም፤ ሁለቱን ማጋጠም ደግሞ ለላቡ አላስፈላጊ ጣጣ ነው። ለአንድ ላብ አንድ ባለ 48 ፖርት ይሻላል፤ ያውም የሚተርፈው አምስት ፖርት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ይጨመራል ተብሎ ከታሰበ አሁኑኑ ይነገር አለ። ጨዋ መልስ ነበር። ዕቃ ከመቁጠር ግን አልወጣም።

ወሬው የሞቀው በ3ኛው ነው። አስተማሪ ይመስላል። ከላይ ወደ ታች የሚባለውን አካሄድ በረጅሙ አብራራ። የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍለው የኦኤስአይ ሞዴል ሰባት ደረጃዎች ሲሳሉ የተጠቃሚው ፕሮግራም ላይ፣ ሽቦው ታች የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ ንድፍም ከላይኛው ነው የሚጀመረው አለ። ከዚያ ለጠያቂዋ የጥያቄ ዝርዝር ሰጣት። የተማሪ መዝገቡ ሰርቨር ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል? ካሜራ ይኖራል? ተማሪው በስልኩ ዋይፋይ ይጠቀማል ወይስ አይፈቀድለትም? በምዝገባ ሰሞን አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው አንድ ላይ ይቆማል? ሁሉም ጥሩ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ግን የመጨረሻውን ነው። የትኛው አገልግሎት ለአንድ ሰዓት ቢቆም ነው የዲኑ ስልክ የሚጮኸው? መልሱ ሬጅስትራር ከሆነ፣ ተጨማሪ ገንዘቡ ወደ ሬጅስትራር ይሂድ። ላብ ከሆነ ወደ ላብ ይሂድ። ሁሉንም እኩል አስተማማኝ ለማድረግ የሚበቃ በጀት ያለው ኮሌጅ የለም።

4ኛው ግን አልተመቸውም። ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ወሬ ነው አለ። በእኛ አገር አለቃው ብሩን ይነግርሃል፤ አንተ በብሩ የሚገዛውን ትገዛለህ፤ ንድፉ እሱ ነው። መጠይቅ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ሰው ሁለት ወር ይፈጅና በመጨረሻ ያው የተነገረው ብር ላይ ይመለሳል። ነገሩን ሲጨርስ አስተማሪውን አንድ ራክ (ስዊች የሚሰቀልበት የብረት መደርደሪያ) እንኳ በእጁ ገጥሞ እንደማያውቅ አድርጎ ነው የነካው።

5ኛዋ በትህትና ገብታ ሁለቱን ልታስታርቅ ሞከረች። ብሩ የታወቀ ከሆነ ጥያቄው የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም፤ ትንሽ ብር ያለው ሰው ነው የት እንደሚያውለው ማወቅ ያለበት አለች። እኔን ያሳመነችኝ እዚህ ላይ ነው። 6ኛው ደግሞ 4ኛውን ሙድ ያዘበት። ቢሮውን በበጀት ብቻ ነድፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥገና የሚጠራ ሰው ስለሚያውቅ፣ ያ ሰው አንተ ትሆን እንዴ ዓይነት ነገር ጻፈ። ላይክ የበዛለት እሱ ነው። ጥቅሙ ግን ለማንም አልታየኝም።

7ኛው ከአሜሪካ ነው፤ ቨርጂኒያ አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨር የሚቀመጥበት ቤት) ውስጥ ይሠራል። አገሩ የዳታ ሴንተር መንደር ስለሆነ እሱም የኖረበትን ነው ያመጣው። ሦስት ደረጃ ያለው የሲስኮ አሠራር፣ ማለትም ኮር (ማእከሉ)፣ ዲስትሪቢዩሽን (አከፋፋዩ) እና አክሰስ (ተጠቃሚው የሚሰካበት)፣ ጊዜው አልፎበታል አለ። አሁን ሰው የሚሠራው ስፓይንና ሊፍ ነው፤ እያንዳንዱ የታችኛው ስዊች ከእያንዳንዱ የላይኛው ጋር ይገናኛል፤ ከየትኛውም ሰርቨር ወደ የትኛውም ሰርቨር ያለው መንገድ እኩል ይሆናል። ሐሳቡ ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለስልክ መቀያየሪያ ካወጣው ስሌት የመጣ ነው ብሎ ታሪኩንም ጨመረ። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ቦታው ግን አይደለም።

8ኛው ያንኑ ነው የተናገረው፤ አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር። ሰርቨር ከሰርቨር ጋር ቀን ከሌት የሚያወራበት ቤትና 120 ተማሪ ኢንተርኔት የሚከፍትበት ኮሌጅ አንድ አይደለም፤ ባሕር ማዶ የተሻገረ ሁሉ እየተነሳ አያስተምረን አለ። ለአራት ፎቅ ሦስት ደረጃ እንኳ ይበዛል፤ ኮርና ዲስትሪቢዩሽን በአንድ ጠንካራ ስዊች ተጠቃለው በየፎቁ አክሰስ ስዊች ቢቀመጥ በቂ ነው። ቁም ነገሩ ትክክል፣ ስድቡ ትርፍ ነበር።

9ኛ ላይ አሽበርኑ ተመለሰ። አልተቆጣም። ልክ ነህ፣ ልማድ ይዞኝ ነው ካለ በኋላ ከዚያ ቤት የሚወሰድ ሌላ ነገር አለ አለ። እነሱ ዘንድ ስዊች ራክ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ስሙ፣ ቦታው፣ የትኛው ፖርቱ ከየት ጋር እንደሚገናኝ ተጽፎ ያልቃል። ገመዱ ሁለቱም ጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍበታል። ይህ ብር አይጠይቅም። ከዚህ በኋላ 8ኛው ዝም አለ።

አሁን 10ኛው ላይ ቆም ልበል። ክሩ በሙሉ ቢጠፋና አንድ መልስ ብቻ ይትረፍ ቢባል ይህንን አስቀር ነበር። ጸሐፊው ዱባይ ለዓመታት ኬብል ሲዘረጋ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ አላለም፤ ግድግዳ እበሳለሁ ነው ያለው። ከላይ ጀምሩ ከታች ጀምሩ የሚለውን ሙግት ወደ ጎን ትቶ፣ ለመቀየር ከሚከብደው ጀምሩ አለ። ስዊች ካላማረ በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። የአይፒ አድራሻ (ለየኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር) በአንድ ሌሊት ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የኬብል ቱቦ ግን ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ይነካዋል? በዚያ ላይ ሕንፃው የኪራይ ነው። አከራዩ አንዴ ብሱ ይላል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የኔትወርክ ሥሩ ቱቦው ነው አለ።

ከዚያ ወደ ሥራው ወረደ። የመዳብ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር 100 ሜትር ነው የሚፈቀደው፤ 90ው ግድግዳ ውስጥ፣ 10ሩ በሁለቱ ጫፍ ላለው አጭር ገመድ። ይህ በካርታ ላይ በአየር የሚለካ አይደለም። ኬብል ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፤ በአየር 60 ሜትር የሆነው በግድግዳ 90 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የራኩ ቦታ ከፎቁ መሐል ይሁን፣ ጥግ ላይ ባዶ ክፍል ስለተገኘ ብቻ እዚያ አይወሰድ። ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣው መንገድ ደግሞ በየፎቁ አንዱ በአንዱ ትክክል ላይ ይዋል። ቱቦ ሲሞላ ከውስጡ 40 በመቶውን ብቻ ነው የሚሞላው። ቀሪው ለመሳብ፣ ለመታጠፍና ለነገ ነው። ኬብሉ ከገባ በኋላ ሲባጎ ቱቦው ውስጥ ይተው፤ ነገ ሌላ ኬብል ሲመጣ በሲባጎው ይጎተታል። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይሄድም። ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ሳይሆን ሁለት መስመር ይሳብ፤ ዋጋው ያለው በመብሳቱ እንጂ በሽቦው አይደለም።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ የ3ኛውና የ4ኛው ጥል ቀለለብኝ። ሁለቱም ስለሚገዛው ነበር የሚያወሩት። አንዱ በመጠይቅ፣ አንዱ በብር። ሊፈርስ ስለማይችለው ያሰበ አልነበረም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ አስተማሪው ያወጣቸው ጥያቄዎች ዋጋ የሚኖራቸውም እዚህ ጋ ነው። ካሜራ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ካሜራ ለመግዛት ብቻ አይደለም። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ወደዚያ ጥግ ቱቦ ይሂድ ወይስ አይሂድ ለማለት ነው።

11ኛው የ10ኛውን ሽቦ የሚለውን ቃል ይዞ ወደ ገበያ ወሰደን። መርካቶ ካት 6 (የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ዓይነት) ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ላዩ መዳብ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ አለ። ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፤ ከተጻፈም በሦስት ትንንሽ ፊደል ነው። እንዴት እንደሚለይ አንድ በአንድ ነገረን። መጀመሪያ ካርቶኑን አንሱት። 305 ሜትር እውነተኛ መዳብ ክንድ ያዝላል፤ ያኛው ይቀላል። ከዚያ ጫፉን ላጡና አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቁ፤ ቀዩ ተነስቶ ነጭ ከወጣ መልሱት። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ላይተር አስጠጉት። አልሙኒየሙ ቶሎ ይለሰልስና ይበጠሳል። ሻጩ ፊት አድርጉት፤ ክርክሩ ያጥራል።

12ኛው ግን እኔ ያንን ኬብል ለዓመታት ተጠቅሜያለሁ፣ ምንም አልሆነም አለ። መዳብ ብቻ የምትሉ ሰዎች ብር የተረፋችሁ ናችሁ ሲል አከለ። 13ኛዋ አጥብቃ መለሰችለት። ኢንተርኔት ብቻ ከሄደበትና መስመሩ አጭር ከሆነ ላይታወቅ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ሲላክበት ነው ጉዱ የሚወጣው። የሷ ቢሮ ውስጥ በኬብሉ በኩል ኃይል የሚያገኙ ካሜራዎች ቀን ቀን ሰላም ነበሩ። ሲመሽ ግን ይጠፋሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይጠፋሉ። ዘበኛው ጅኒ ገብቶበታል እስከማለት ደርሶ ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ ሲጨልም ካሜራው የራሱን የሌሊት መብራት ያበራል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ኃይል ይስባል። አልሙኒየሙ ከመዳቡ ይልቅ ኤሌክትሪክን በግማሽ ያህል የበለጠ ይከላከላል። ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርድና ካሜራው ይሞታል። ሲሞት መብራቱ ይጠፋል፣ ኃይሉ ይመለሳል፣ ይነሳል፤ እንደገና ይጨልማል። በዚያው ላይ የስዊቹን አቅም አስታወሰች። በኔትወርክ ኬብል ኃይል ለመላክ የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይልካል። ለ24 ፖርት ሲባዛ 370 ዋት ገደማ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን 24 ፖርት ቢኖራቸውም ይህን ሁሉ ዋት አንድ ላይ አይሰጡም። ስለዚህ የፖርቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን አጠቃላይ ዋቱ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ አለች። 12ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

14ኛው ከደሴ ነው። ከጓሮ ያለውን የአስተዳደር ሕንፃ አይቶ ነው የገባው። ሁለት ሕንፃ በመዳብ እንዳታገናኙ አለ። እሱ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ ርቀቱ 70 ሜትር ብቻ ስለነበር ከ100 አያልፍም ተብሎ ካት 6 በአየር ተዘረጋ። ሐምሌ ላይ መብረቅ ግቢው አጠገብ ያለ ዛፍ መታ። ሽቦውን አልነካውም። የሁለቱም ጫፍ ስዊቾች ግን አንድ ላይ ሞቱ፤ አንድ ፕሪንተርም አብሮ ሄደ። የሁለቱ ሕንፃ የመሬት ሽቦ የተቀበረበት ሁኔታ ስለሚለያይ መብረቅ ሲወርድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሽቦው ያልፋል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ስለዚህ እዚህ ላይ ፋይበር የሚመረጠው ለፍጥነቱ አይደለም። 15ኛው እርማት ነበረው። ፋይበር ሁሉ አንድ አይደለም፤ አይጥ እንዳይበላው ብረት የለበሰም አለ፤ ውስጡ የብረት ገመድ ያለውም አለ። ያንን የገዛ ሰው ብረቱን በሚገባ መሬት ካላስያዘ መብረቁን በሌላ በር አስገባው ማለት ነው።

16ኛዋ ጠያቂዋ ራሷ ናት። እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ነበር። ሁሉንም አመሰገነች፤ አሽበርኑን ጨምሮ። የሁለቱን ሕንፃ ርቀት በሜትር ለክታ 120 ሆኗል፤ መዳብ በሁለቱም ምክንያት ውድቅ ነው። አለቃዋ ግን አሁንም ፕሮፎርማውን ነው የሚጠይቃት። እስከዚያው ስለ አይፒ አድራሻ ጠየቀች።

ከ17ኛ እስከ 19ኛ ያለው የዚሁ ነው። 17ኛው ሁሉንም በ192.168.1 በሚጀምር አድራሻ ሥር አድርጊው፣ ቀላል ነው አላት። 254 አድራሻ ይበቃል ብሎ ኮምፒውተሩን ብቻ ቆጠረ፤ ስልኩን ረሳው። 18ኛው ይህን አስታወሰው። ተማሪው ግቢ ሲገባ ስልኩ አድራሻ ይወስዳል፤ አድራሻ የሚያድለው የዊንዶውስ ሰርቨር ቅንብሩን ካልነካኩት አድራሻውን ለስምንት ቀን ነው የሚያከራየው። ሰኞ የመጣ ስልክ አርብ ባይኖርም ቦታው ተይዟል። ስለዚህ ለስልክ የተለየ ሰፊ ክፍል ከጥቂት ሰዓት ኪራይ ጋር ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አነሳ። ኮሌጁ ነገ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ይከፍታል። እዚያም ያለው ሰው 192.168.1ን ይመርጣል፤ ሁሉም ሰው የሚመርጠው እሱን ነዋ። ሁለቱ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚያልፍ የግል መስመር) ሲገናኙ አንድ አድራሻ ሁለት ቤት ይሆናል። ለግል ኔትወርክ የተተወው አድራሻ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው በደንብ የተጻፈው፤ በ10 የሚጀምረው ክፍል ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አለው። ሁለተኛው ቁጥር ቅርንጫፉን፣ ሦስተኛው የሥራ ክፍሉን ያመልክት አለ። ዓይቶ ብቻ የት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው።

19ኛው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጠርዝ እንዳትሄድ አስጠነቀቃት። የተረከበው ቢሮ ውስጥ 23 ቪላን (አንዱ ኔትወርክ በቅንብር የሚከፈልበት ክፍል) አግኝቷል። የሠራው ሰው ለቋል፤ ወረቀት የለም። ለእያንዳንዱ ፕሪንተር የተለየ ቪላን የተሰጠበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገለጠለትም። ላብ፣ ሠራተኛ፣ ሒሳብና ሬጅስትራር፣ ካሜራ፣ እንግዳና ስልክ፤ አምስት ይበቃሻል አላት። ስድስተኛ የሚያስፈልግበት ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ አይፈጠር።

20ኛው ስለ ሎፕ ነው የጻፈው። አንድ ላብ ውስጥ ተማሪ የአንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ ዳታው እየተባዛ ይዞራል፤ ፎቁ በሙሉ ይቆማል። ቅንብር የማይቀበል ርካሽ ስዊች ብዙ ጊዜ ይህን የሚያቆምበት መንገድ የለውም። ለማስረዳት ቦስተን ወሰደን። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2002 ቤዝ ኢዝራኤል ዲያኮነስ የተባለው ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ ለአራት ቀን ያህል ወደቀ። ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ሁለት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተዋሕደው የተፈጠረ ነው፤ ኔትወርኩም በአንድ ጊዜ አልታቀደም፤ እየተቀጣጠለ ያደገ ነበር። አንድ ተመራማሪ ብዙ ዳታ የሚልክ ፕሮግራም ሲለቅ፣ ሎፕ እንዳይፈጠር የሚጠብቀው ስፓኒንግ ትሪ መቋቋም አቃተው። ስዊች ከስዊች እየተቀጠለ ከሚመከረው ሰባት ዝላይ አልፎ ነበርና። የሆስፒታሉ የመረጃ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ነገሩን አልደበቀም፤ ሌሎች እንዲማሩበት በአደባባይ ተናገረ። 20ኛው መላሽ ይህን ያመጣው ለጠያቂዋ አለቃ ነው፤ ላብ በተጨመረ ቁጥር ስዊች ከስዊች ኋላ መቀጠል የት እንደሚያደርስ እንዲያይ።

21ኛው ስፓኒንግ ትሪን ያወጣችው ራዲያ ፐርልማን መሆኗን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1985 መሆኑን ጨመረ፤ ግጥምም ጽፋበታለች አለ። ይኼኔ 22ኛው ስለ ሎፕ የአማርኛ ግጥም ጻፈ። ሰምና ወርቅ አለው ብሎ ራሱ አስታወቀ። ወርቁን አላገኘሁትም። ቤቱም አይመታም።

23ኛዋ ወደ ቁም ነገር መለሰችን፤ ስለ መብራት። ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው፣ ስዊቹ አለው፣ ጀነሬተሩም በደቂቃ ውስጥ ይነሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ኢንተርኔት ይሄዳል። ሁሉም ቴሌን ይረግማል። አንድ ቀን ጠጋ ብላ ስታይ፣ ከውጭ የሚገባው ፋይበር የሚያርፍበት ትንሽዬ ሣጥን ዘበኛ ቤት ውስጥ ነው። ሶኬቱ ላይ የዘበኛው ሬዲዮና የሻይ ማፍያ ምድጃ ተሰክተዋል። ጀነሬተሩ ዘበኛ ቤቱን አይደርስም። ዘበኛው ሻይ ሲያፈላም ሣጥኑን ነቅሎ እንደሆነ ኋላ ታወቀ። ንድፉ ወረቀት ላይ ሲሳል ከግቢው በር ይጀመር አለች፤ ከሰርቨር ክፍሉ አይደለም። ይህ መልስ ከ10ኛው ቀጥሎ የምመርጠው ነው።

24ኛው የመብራቱን ነገር ይዞ ወደ ፕላዝማ ዘመን ወሰደን። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሁሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈውን ቴሌቪዥን አንረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ አስተማሪዋ ከስክሪኑ እየተናገረች ትሮጣለች፤ መብራት ሲጠፋ ያ ምዕራፍ አለፈ። ዕቃው ቀድሞ ገብቶ ጥያቄው በኋላ የመጣበት ምሳሌ ነው አለ። 25ኛውና 26ኛው በዚህ ተጣሉ። አንዱ ፕላዝማ ትውልድ አበላሸ ሲል ሌላው እንግሊዝኛ የቻልኩት በሱ ነው አለ፤ ከዚያ ወደ ፖለቲካ ሄዱ። 27ኛው አወያዩ ነው። የሁለቱን ግማሽ አጥፍቶ፣ ስለ ኬብል የማያወራ ሌላ ክር ይክፈት ብሎ ወጣ።

28ኛው ዋይፋይን በአጭሩ ነካ። አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሣጥን) ኮሪደር ላይ መደርደር ውበት እንጂ ሥራ አይደለም። ኮሪደር ላይ እርስ በርሳቸው ይረባበሻሉ፤ ተማሪው ያለው ግን ከብሎኬቱ ወዲያ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በተቻለ መጠን ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ 5 ጊጋኸርዙ ይሥራ፣ ኃይሉም ይቀነስ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲሞላ በስልክ ዞሮ መለካት ይቻላል፤ ባዶ ክፍል የለካ ሰው የለካው ግድግዳውን ነው አለ።

29ኛ ላይ ጠያቂዋ ውጤቱን ይዛ መጣች። ፕሮፎርማውን ሰብስባ አልሄደችም። ሁለት ወረቀት ይዛ ነው አለቃዋ ጋ የገባችው። አንዱ ቱቦ፣ ኬብል፣ ፋይበርና የራክ ቦታ ነው፤ ከቀለም በፊት ማለቅ ያለበት። ሁለተኛው ስዊች፣ አክሰስ ፖይንትና ካሜራ ነው፤ እሱ ሊቆይ ይችላል። የ3ኛውን መላሽ ጥያቄዎች ይዛ ሬጅስትራርና ሒሳብ ክፍል ሄዳ ነበር፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ያልታወቀ ሦስት ክፍሎች ላይም ባዶ ቱቦ አስገብታለች። አለቃው የመጀመሪያውን ፈረመ። ሁለተኛውን በግማሽ ቆረጠው፤ ሁለት ላብ ዘንድሮ፣ ሦስተኛው ለከርሞ። አልተከፋችም። ስዊች ከርሞም ይገዛል። ከውጭ የሚገባው የፋይበር ሣጥንም ዘበኛ ቤት ሊቀመጥ ታቅዶ ነበር፤ ወደ መሬቱ ፎቅ ራክ ተዛውሯል።

30ኛው ማንም ያላነሳውን ጠየቀ። ሕንፃው የኪራይ ከሆነ ውሉ ሲያልቅ ግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል የማን ነው? አንድ የሚያውቀው ድርጅት ሲለቅ ኬብሉን ጎትቶ ሊያወጣ ሲል ከአከራዩ ጋር ወረዳ ድረስ ሄዷል።

31ኛው የሷ መልስ ነው። አከራዩ ጋ ሄዳ አነጋግራዋለች። ቱቦውና ኬብሉ ለሕንፃው ይቀራል፤ ራኩን፣ ፓች ፓናሉን (ኬብሎቹ የሚያርፉበትን የመሰኪያ ሰሌዳ) እና ስዊቹን ኮሌጁ ይዞ ይወጣል። በልዋጩ አከራዩ የመብሻውን ፈቃድ ሰጥቷል፤ የቀለም ሠራተኞቹንም በሁለት ሳምንት አዘግይቷል። ውሉ ላይ እንዲገባ ጠበቃው ጋ ነው ያለው።